ሌባው ቁልፍ አልሰበረም

ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙን አላችሁ፤ መሪ ጨብጣችሁ፣ አንድ ጆሯችሁን ለእኛ ሰጥታችሁ የምትሰሙንም ብዙ ናችሁ። የዛሬው ወሬያችን ይበልጡን ለሾፌሮቻችን ነው። ብቻ ዓይናችሁ ከመንገዱ አይነሳ።

በአንድ ወንድማችን ታሪክ ልጀምር። እንድናገረው ፈቅዶልኛል፤ ስሜን ግን ተወው ብሎኛል። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ዎርዝ አጠገብ ካለ ትልቅ መጋዘን በር ላይ ትራኩን አቁሞ ወረፋ ይጠብቃል። ሎዱን፣ ማለትም ጭነቱን፣ ያገኘው ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ብሮከር ነኝ ያለ ሰው ደውሎለት። ጭነቱ ኢነርጂ ድሪንክ፣ መድረሻው ፊኒክስ፣ አሪዞና። ዋጋው በዚያ ሳምንት ሌሎች ከሚሰጡት ላቅ ይላል። ጥሩ ዋጋ ሲመጣልን ደግሞ ስንቶቻችን ነን "ለምን?" ብለን የምንጠይቅ? እኔም መሪ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት አልጠየቅሁም።

ሰውየው ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጣል አደረገ። "በር ላይ ሲጠይቁህ የእገሌ ትራንስፖርት ነኝ በላቸው፤ ከእነሱ ጋር ነው የምንሠራው።" የወንድማችን ትራክ በር ላይ የተጻፈው ሌላ ስም ነው፤ በመጀመሪያ ልጁ ስም ያቋቋመው የራሱ ኩባንያ። ጥበቃው መስኮቱ ሥር መጥቶ "የማን ነህ?" አለው። እንዲል የተነገረውን አለ። ጥበቃውም የሰማው ስም ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ገጠመለት፤ ቀና ብሎ የትራኩን በር ሳያነብ አሳለፈው።

በማግስቱ ኒው ሜክሲኮ ገብቶ፣ ዴሚንግን ሲያልፍ ስልኩ ጮኸ። ፊኒክስ ያለው መጋዘን ሞልቷል፣ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ኦንታሪዮ ውሰደው፣ 1,500 ዶላር እንጨምርልሃለን። ወሰደው። የደረሰበት መጋዘን ታፔላ የለውም። ነጠላ ጫማ ያጠለቀ ሰውዬ ወጥቶ በፎርክሊፍት አራገፈና የጭነቱ ወረቀት፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ላይ ፈረመለት። ፊርማውን ፎቶ አንስቶ አሳይቶኛል፤ አንዲት የተንሻፈፈች ጭረት ናት፣ ስም የላት፣ ማኅተም የላት።

በ30 ቀን ይገባል የተባለው ገንዘብ አልገባም። የብሮከር ነኝ ባዩ ስልክም ከአገልግሎት ውጭ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ደወለለት፤ የኢንሹራንስ መርማሪ። "ያን ጭነት የት ነው ያደረስከው?" አለው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ልጅ ሌባ ነው? አይደለም። ተሰርቋል? አዎ፤ ጉልበቱንም፣ ነዳጁንም ተሰርቋል። ሌባውን የረዳው ማነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን እሱ ነው እላችኋለሁ፤ እሱም ያውቀዋል። የኢነርጂ ድሪንኩ ስርቆት ያለቀው ኦንታሪዮ ላይ አይደለም። ፎርት ዎርዝ በር ላይ "የማን ነህ?" ሲባል ነው ያለቀው።

ነገሩን ትራክ ነድተው ለማያውቁ አድማጮች ትንሽ ልዘርዝረው። በአሜሪካ ዕቃ የሚልከው ሺፐር ነው። ሺፐሩ አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩን አያውቀውም፤ ጭነቱን ለብሮከር ይሰጣል። ብሮከሩ እኛ አገር ደላላ የምንለው ነው፣ ልዩነቱ ይህኛው ፈቃድና ዋስትና ያለው መሆኑ ነው። እሱ ደግሞ ለካሪየር፣ ማለትም ትራክ ላለው ኩባንያ ይሰጣል። ካሪየሩ ሾፌሩን ይልካል፣ ሾፌሩም ለሪሲቨር ያስረክባል። አምስት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ፊት ለፊት አይተያዩም። የሚያገናኛቸው ስልክ፣ ኢሜይልና ወረቀት ነው። ሌባው የሚገባው በዚህ መሀል ነው።

አገባቡ እንዲህ ነው። ሌባው ጭነት በሚለጠፍበት ሎድ ቦርድ ላይ የአንድ እውነተኛ ካሪየርን ስምና ኤም ሲ የሚባለውን የፈቃድ ቁጥር ይዞ ብሮከሩ ጋ ይቀርባል፤ ጭነቱን ይረከባል፣ በስልክ ማለቴ ነው። ወዲያው ገልብጦ ራሱን ብሮከር ያደርግና ያንኑ ጭነት ለሌላ ሾፌር ይሰጣል። ደብል ብሮከሪንግ የምንለው ይህ ነው። የሚጭነው ንጹሕ ሰው ነው፣ ትራኩ እውነተኛ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ እውነተኛ ነው። ሐሰት የሆነው በመሀል ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መጋዘን በር ላይ ቀርቶ አሜሪካ ውስጥም ላይኖር ይችላል።

ካርጎኔት የሚባል ድርጅት አለ፤ በአሜሪካና በካናዳ የተሰረቀ ጭነት የሚመዘግብ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 የመዘገበው 2,852 ክስተት ነበር። በ2024 3,625 ሆነ። የዚያ ዓመት ጠቅላላ ኪሳራ ወደ 455 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ይህ እንግዲህ የተነገረው ነው። ያልተነገረው ለምን እንዳልተነገረ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ የዛሬው ነገር ዋናው እሱ ነውና።

ስመ ጥሮችም አልቀሩለትም። በኅዳር 2024 ሳንቶ የሚባል ተኪላ ከሜክሲኮ ተነስቶ ላሬዶ ላይ ድንበር ተሻገረ። የተኪላው ባለቤቶች በቴሌቪዥን የምታውቁት ምግብ አብሳይ ጋይ ፊየሪና ዘፋኙ ሳሚ ሄጋር ናቸው። ሁለት ትራክ ሙሉ፣ ወደ 24,000 ጠርሙስ፣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ። መሄጃው ፔንሲልቬንያ ነበር። በመንገድ ላይ ትራኩ ብልሽት ገጠመው የሚል መልእክት ይመጣል፣ ትራኩ ያለበት ቦታ ነው ተብሎም የሐሰት ምልክት ይታያል። ባለቤቶቹ ትራኮቹ ወደ ምሥራቅ እየሄዱ ነው ብለው ሲጠብቁ ተኪላው ሎስ አንጀለስ ገብቷል። ከፊሉ በኋላ ተገኘ። የጫኑት ሾፌሮች ግን የታዘዙበት ቦታ ነው ያደረሱት። ነገሩ የፎርት ዎርዙ ወንድማችን ታሪክ ነው፤ ልዩነቱ ባለዕቃው ዝነኛ መሆኑ ነው።

ጥንት ሌባ ምን ነበር የሚያደርገው? ትራክ ስቶፕ ላይ ሾፌሩ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ትሬለሩን ይዞ ይሰወራል። ዛሬም አለ። በተለይ ቅዳሜና እሁድ፣ በተለይ የበዓል ሰሞን፣ ጭነት ቆሞ በሚያድርበት ጊዜ። ለዚህኛው መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ጥሩ ቁልፍ፣ መብራት ያለበት ማቆሚያ፣ ከጫኑ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 200 ማይሎች ያህል ሳይቆሙ መንዳት። ቁልፍ ሳይሰብር፣ ተፈርሞለት ለሚወስድ ሌባ ግን ቁልፍ ምን ይሠራል?

ይህ በር እንዴት እንዲህ ወለል ብሎ ተከፈተ? በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የሞተር ካሪየር ሕጉን ፈረሙ። ከዚያ በፊት ጭነት የማመላለስ ፈቃድ ማግኘት የጥቂቶች ዕድል ነበር፤ መንግሥት ማን የት እንደሚነዳና ስንት እንደሚያስከፍል ይወስን ነበር። ሕጉ ያን በረገደው። ስለዚህ ሕግ ክፉ መናገር አይሆንልኝም፤ በአንድ ትራክ ከዜሮ ተነስተን ባለ ኩባንያ የሆንነው ስደተኞች የገባነው በዚሁ በር ነው። ዛሬ የአገሪቱ ካሪየሮች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሥር ወይም ከዚያ ያነሰ ትራክ ያላቸው ናቸው። ፈቃድ ለማውጣት የሚከፈለው 300 ዶላር ነው። ኢንሹራንሱ እንደሚያንገበግብ ታውቃላችሁ፤ የፈቃዱ ደጃፍ ግን ዝቅተኛ ነው። እኛ በገባንበት ደጃፍ ሌባም ይገባል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልሂድ። ከዚያ በፊት ግን ከባሕር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ያው 1980 ዓመት ነው፣ ጥር ወር። ሳሌም የምትባል ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሴኔጋል አቅጣጫ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወዲያ ሰጠመች። ከኩዌት 200,000 ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ወደ አውሮፓ ትሄድ ነበር። ነዳጁን በጉዞ ላይ ሳለች ሼል ኩባንያ ገዝቶታል፤ የገዛው ወረቀቱን አይቶ ነው። መርከበኞቹን ብሪቲሽ ትራይደንት የምትባል ሌላ መርከብ አዳነቻቸው። አደጋው ድንገተኛ ነው ተባለ። አዳኞቹ ግን ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው፤ የተረፉት ሰዎች ሻንጣቸውን ሸክፈዋል፣ ሳንድዊች ጠቅልለው ይዘዋል። የመርከቧን መዝገብ ብቻ ለማውጣት ጊዜ አላገኙም። ያን ያህል ነዳጅ ሰጥሞ ባሕሩ ላይ የታየው ዘይትም ጥቂት ነበር። ለካስ ሳሌም በመንገዷ ስሟን ቀይራ፣ ሌማ ተብላ፣ ደርባን ገብታ ነዳጁን ማዕቀብ ለነበረባት ደቡብ አፍሪካ አራግፋለች። የሰጠመችው በባሕር ውኃ ተሞልታ ነው።

ይህን የማወራው ለጨዋታ አይደለም፤ ጨዋታም ቢሆን አይከፋም። በማግስቱ ዓመት፣ በ1981፣ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የባሕር ወንጀልን የሚከታተል ቢሮ አቋቋመ። ይህ ቢሮ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ እንዴት ቀላል መሰላችሁ! አንድ ባንክ የቢል ኦፍ ሌዲንግ ወረቀት ይልክለታል፤ ቢሮው መርከቧ በእርግጥ አለች ወይ? በተባለው ቀን በተባለው ወደብ ነበረች ወይ? ብሎ ያጣራል። አለቀ። ባንኩ ለብቻው፣ የመርከብ ድርጅቱ ለብቻው፣ ኢንሹራንሱ ለብቻው ቢቀመጡ ጥያቄውን የሚጠይቅ አይኖርም ነበር። መልሱ ሌላው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

በእኛ አገር ይህን ነገር አባቶቻችን በሌላ ስም ያውቁታል። አውጫጭኝ ይሉታል፤ አፈርሳታ የሚለውም አለ። ከብት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ሁሉ ባንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ያየም የሰማም ያወጣል፤ በግልጽ መናገር የፈራ ደግሞ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። ሌባው እስኪወጣ አይበተኑም። ሰውን ከእርሻው ያስቀራል፣ አንዳንዴም ቂም ያለበት ሁሉ ወፍ ይሆናል፤ ይህን ቆየት ብዬ አነሳዋለሁ። ሐሳቡ ግን ጥልቅ ነው። ስርቆቱ የባለከብቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ያየ ሰው ሁሉ ባለዕዳ ነው ማለት ነው።

የአሜሪካ የጭነት ዓለም ለረጅም ጊዜ ያልነበረው ይህ ነው። ያልተነገረውን ለምን አልተነገረም አልኩ አይደል? ብሮከሩ ተሰረቅሁ ቢል ደንበኛው ይሸሸዋል። ሺፐሩ ቢናገር የምርቱ ስም ይነሳል። ትንሹ ካሪየር ቢናገር ኢንሹራንሱ ይጨምርበታል፤ እንደ ወንድማችን ያለው ደግሞ ራሱ እንዳይጠረጠር ይፈራል። ፖሊስ ጋ ቢኬድስ? ጭነቱ የተወሰደው ቴክሳስ፣ የተራገፈው ካሊፎርኒያ፣ ኢሜይሉ የመጣው ከወዲያኛው ዓለም። የከተማው ፖሊስ "በገዛ እጃችሁ አስረክባችሁ ምን ልሁን? ፍርድ ቤት ሂዱ" ቢል አትፍረዱበት። ሌባው ይህን አጥንቶታል። ሁሉም ዝም እንደሚል ያውቃል፤ በአንዱ ብሮከር ላይ የሠራውን ድራማ በማግስቱ ለጎረቤቱ ይደግመዋል፣ ስክሪፕቱን እንኳ ሳይቀይር።

ስለዚህ ተፎካካሪዎቹ መነጋገር ጀመሩ። መነጋገሩ አዲስ አይደለም፤ ውድ ዕቃ የሚልኩ አምራቾች በ1997 ታፓ የሚባል ማኅበር መሥርተው የመጋዘንና የትራክ ጥበቃ ደረጃ አወጡ። ካርጎኔት ደግሞ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የጥሪ ማዕከል አለው። ጭነት ሲጠፋ የትሬለሩ ቁጥር፣ ሰሌዳው፣ የዕቃው ዓይነት ይነገረዋል፤ እሱ ያንን ለፖሊስም፣ ለአባላቱም ይበትናል። ፍጥነት እዚህ ሁሉ ነገር ነው። ኢነርጂ ድሪንክ፣ ለውዝ፣ ሥጋ የመለያ ቁጥር የለውም። ከመጋዘን ወጥቶ ለሱቅ ከተከፋፈለ ማን ይለየዋል? የበላው ሰው ሆድ ውስጥ ገብቷል። መዳብም እንደዚሁ ነው፣ ቀልጦ ሌላ ነገር ይሆናል። የጭነት ደላሎች ማኅበርም ለአባላቱ ዋችዶግ የሚባል መዝገብ አለው፤ አንዱ የተታለለበትን ሌላው ያይበታል።

የሚጋሩት ምኑን ነው? ስልክ ቁጥሮችን። አንድ ሌባ በአሥር የኩባንያ ስም ቢቀርብ ብዙ ጊዜ ስልኩ ወይም የኢሜይሉ አገባብ አንድ ነው። አንዱ ብሮከር ለብቻው ሲያየው አንድ ደንበኛ ነው፤ አሥሩ ብሮከሮች ጎን ለጎን ሲያደርጉት ሌባው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የማይጋሩት ደግሞ ዋጋ ነው። ከ1890 ጀምሮ ያለው የሸርማን ሕግ ተፎካካሪዎች ተሰብስበው ዋጋ እንዲማከሩ አይፈቅድም። ስለ ሌባ ማውራት ይቻላል፣ ስለ ማይል ዋጋ አይቻልም። ሁለቱን ለይቶ መያዝ የሕግ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ትልልቆቹ አላቸው።

መንግሥትም ዘግይቶ ነቅቷል። በየካቲት 2025 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ጭነት ስርቆት ችሎት ተቀምጦ አድምጧል። በዚያው ዓመት በኮንግረስ እንደገና የቀረበ ረቂቅ ሕግም በአገር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር የተለያዩ ስቴቶችን ፖሊስ የሚያስተባብር ማዕከል ይቋቋም ይላል። ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ፣ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ አዲስ አመልካች ማንነቱን በመታወቂያና በፊት ፎቶ እንዲያረጋግጥ እያደረገ ነው። እስከዚያ ድረስ "ማን ነህ?" ብሎ በወጉ የጠየቀ አልነበረም ማለት ነው። ለብሮከሮች የ75,000 ዶላር ዋስትና አለ፤ ከ2013 በፊት 10,000 ብቻ ነበር። እኛ አገር ሰው ሲቀጠር ዋስ ጥራ ይባላል፤ ዋሱ የሚታወቅ ሰው ነው፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ይፈራል። እዚህ ዋሱ ገንዘብ ነው። የአንድ ሙሉ ትሬለር ኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ግን ከዚያ ዋስትና በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ቂም ያለበት ሁሉ ወፍ ይሆናል ብዬ ነበር። ይህንን ሳልነግራችሁ ባልፍ አዳላሁ ማለት ነው። የብሮከሮች የጋራ መዝገብ ለሌባ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ዘግይቶ የደረሰ ሾፌር፣ በዲቴንሽን፣ ማለትም መጋዘን በር ላይ ለጠበቀበት ጊዜ በሚከፈለው ክፍያ፣ የተከራከረ ሾፌር፣ በአንድ የተናደደ ብሮከር እጅ መጥፎ ስም ሊጻፍበት ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ለወራት ስልክ የሚያነሳለት የለም። ማን እንደጻፈበት ለማወቅ፣ መልስ ለመስጠት መንገዱ ጠባብ ነው። በተጨማሪ ሌባ ብዙ ጊዜ በአዲስ ኤም ሲ ስለሚመጣ ብዙ ብሮከሮች ስድስት ወር ያልሞላውን አናስተናግድም ይላሉ። ሐቀኛው አዲስ ካሪየር ያን ስድስት ወር ምን በልቶ ይቆያል? ምን ይሆናል መሰላችሁ፤ ያረጀ ኤም ሲ ይገዛል። ለሽያጭ የሚያቀርቡለትም አሉ፤ ብዙዎቹ ገበያው ሲወድቅ ትራኩን ሸጠው የወጡ የእኛው ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ድምፄን ትንሽ ከፍ ላድርግ። ከሥራው የወጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የቆየ ኤም ሲያችሁን ጥቂት ሺህ ዶላር እንሰጣችኋለን የሚሉ መልእክቶች ይመጡላችኋል። የምትሸጡት ቁጥር አይደለም፤ በዓመታት ንጹሕ ያደረጋችሁት ስማችሁ ነው። ሌባው ሲሠራበት መርማሪ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው። አልሠራበትም ካላችሁ ፈቃዱን በወጉ አስዘጉት። የመዝገባችሁን ሚስጥር ቁጥር በኢሜይል የሚጠይቃችሁ ሁሉ የመንግሥት ሰው አይደለም፤ ገጹ የመንግሥት ገጽ ቢመስልም።

መጋዘን በር ላይ ስለሚደረገው ደግሞ ያን ያህል የረቀቀ ነገር የለም። አንዳንድ ሺፐሮች አሁን ለእውነተኛው ካሪየር ብቻ የሚነገር የመረከቢያ ኮድ ይሰጣሉ፤ ሾፌሩ ኮዱን ካላወቀ አይጭንም። የትራኩን በር፣ ሰሌዳውንና የሾፌሩን መታወቂያ ፎቶ ያነሳሉ። አንዳንድ ሾፌሮች ይህን እንደ ንቀት ሲያዩት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ፎቶ የሚያነሳኝ መጋዘን ይሻለኛል፤ ዕቃው ቢጠፋ ያ ፎቶ ለእኔም ምስክሬ ነው። በእናንተ በኩል ደግሞ ሎድ ሲሰጣችሁ በተደወለላችሁ ስልክ ላይ መልሳችሁ አትደውሉ። የኩባንያውን ቁጥር ከመንግሥቱ መዝገብ አውጥታችሁ በዚያ ደውሉ። "እገሌ የሚባል ሠራተኛ አላችሁ? ይህን ጭነት ሰጥታችሁኛል?" ሁለት ደቂቃ ነው። ኢሜይሉንም ፊደል በፊደል አንብቡት፤ አንዲት ፊደል የተጨመረችበት፣ "ኦ" የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል በዜሮ የተተካችበት ይሆናል። መድረሻ ተቀየረ ከተባላችሁ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ ያለውን የሺፐሩን ስልክ ፈልጋችሁ ጠይቁ፣ ጭማሪ 1,500 ዶላሩ ዓይናችሁን ሳይጋርደው።

ከ1906 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ሕግ ጭነት የተረከበ አጓጓዥ ለጠፋው ዕቃ በመርህ ደረጃ ተጠያቂ ነው። ተታለልኩ ማለት ሁልጊዜ አያድንም። የፎርት ዎርዙ ወንድማችን በጠበቃና በኢንሹራንስ መሀል አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ያዳነው ምን መሰላችሁ፤ የስልክ መልእክቶቹን አለማጥፋቱ ነው። "የእገሌ ነኝ በል" የሚለውን ጨምሮ።

አሁንም ይነዳል። ባለፈው ክረምት ያጋጠመውን ሲነግረኝ ነው ይህን ዝግጅት ለመሥራት የተነሳሁት። ከሜምፊስ ውጭ አንድ ሎድ ይሰጠዋል፣ ዋጋው ያምራል፣ መጨረሻ ላይ ያው ቃል ትመጣለች። "በር ላይ የእገሌ ነኝ በል።" መኪናውን ዳር አስያዘ። የመጋዘኑን ስልክ ፈልጎ ደወለ፤ ስሙን፣ የጭነቱን ቁጥር፣ የተባለውን ሁሉ ነገራቸው። ከዚያ በቴሌግራም ሾፌሮቻችን የሚነጋገሩበት ቡድን ላይ የደዋዩን ቁጥር ለጠፈ። ባዶውን 60 ማይል ሊመለስ ነው፤ ነዳጁ ከኪሱ ነው። ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል የመጋዘኑ ሴትዮ መልሳ ደወለች።

"ያን የጭነት ቁጥር እስቲ ድገምልኝ" አለችው።

ደገመላት። ዝም አለች፤ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማዋል።

"አንድ ሰው እየጫነው ነው" አለች፤ "በር ቁጥር 14 ላይ።" ስልኩን ሳትዘጋ "ማርከስ! አቁም! ትራኩን እንዳታስወጣው!" እያለች ስትሮጥ ሰማት። በር 14 ላይ የቆመው ሾፌር ማን እንደሆነ አያውቅም። ምናልባት እሱም ጠዋት ደህና ዋጋ ተነግሮት ከቤቱ የወጣ ሰው ነው።